ግራ እጅ

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ግራኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1452 በጣሊያን ተወልዶ በ1519 በፈረንሳይ ያረፈው ይህ ሠዓሊ፣ ማስታወሻዎቹን የጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጦ ነው። ጽሑፉ በቀላሉ የሚነበበው መስታወት ፊት ሲቀርብ ነው። ብዙዎች ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳሉ፤ ግራኝ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ሲጽፍ ያልደረቀውን ቀለም በገዛ እጁ ያበላሸዋል።

ስለ እርሱ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ ሕፃናት ሳስተምር የምጀምረው ከመስታወት ነው። «በ» በመስታወት ውስጥም «በ» ናት፤ የ«ቡ» ጭረት ግን ወደ ግራ ትዞራለች። ልጆቹ ስማቸውን በግራ እጃቸው ገልብጠው ይጽፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቀጥሎም የንድፎቹን ቅጂ አሳያቸዋለሁ። የጥላው ጭረቶች ከላይ ከግራ ተነሥተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። በቀኝ እጅ የሚሥል ልጅ ሲሞክረው የእርሱ ጭረት በተቃራኒው ያዘነብላል። የሠዓሊው እጅ የቱ እንደ ነበረ ራሳቸው ይደርሱበታል።

በአገራችን ግራ እጅ ክብር የለውም። በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም፤ ነገር ሲጠፋብንም «ግራ ገባኝ» እንላለን። በክፍል ውስጥ ያለ ግራኝ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ያደገ ነው።

የሥዕል ታሪካችንም ይህን ያውቃል። በሊዮናርዶ ዘመን ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ አግኝቶታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ይህ ሠዓሊ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች አድርጎ በመሣሉ ታላቅ ሁከት ተነሥቶ ነበር፤ ግራ የውርደት ወገን ነውና።

ይህን ነግሬ ሳበቃ ነጠላ ጠቅልዬ ለልጆቹ እሰጣለሁ፤ «ታናሽ ወንድማችሁን እንዴት ነው የምታቅፉት?» ስል አብዛኞቹ ሳያስቡ በግራ ክንዳቸው ይይዙታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ቀኝ እጅ ሥራ አለበት» ይላሉ። ከዚያም ሥዕሉ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለው ይከራከራሉ።

ክርክሩ እንደ ጋለ አንድ ግራኝ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እርሳሱን ወደ ግራ እጁ ሲያዛውር አይቻለሁ።