ሌሊት የሚመጣው ጭማሪ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የነዳጅ ዋጋ መጨመሩ በዜና ከተነገረ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አጎቴ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪናውን የሚያሳድረው ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናዋ ጥቂት ተንገጫግጫ ጸጥ አለች። ወርዶ ሲያይ የታንኩ ክዳን ተፈልቅቆ መሬት ላይ ወድቋል፤ አስፋልቱ ላይ የናፍጣ ጠብታ አለ። ማታ የሞላው ታንክ ባዶ ነበር።

ቁጭ ብለን ኪሳራውን ደመርነው። የተወሰደው ናፍጣ አንድ። አዲስ ክዳን ሁለት። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ አልቆበት ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ አየር ስለሚገባ፣ አየሩን ለሚያስወጣው መካኒክ የሚከፈል ሦስት። ሳይሠራ የዋለበት ቀን ገቢ አራት። ለመኪናው ባለቤት ግን የዕለቱ ሒሳብ አይቀርም፤ አምስት። ሌባው የወሰደው ናፍጣ ከጠቅላላው ኪሳራ ግማሹን እንኳ አልሆነም።

አጎቴ ያን ቀን ያለኝን አልረሳውም። «አየህ የኔ ልጅ፣ መንግሥት ቀን ጨመረ፤ ሌባው ደግሞ ሌሊት ጨመረብኝ» አለኝ።

ይህ የሌሊት ጭማሪ የእኛ አገር ጉድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ከመኪና ጋር ከማንም በፊት በብዛት የተዋወቀችው አሜሪካ በዚህ ነገር የብዙ አሥርት ዓመታት ታሪክ አላት። ያን ታሪክ ማየት የራሳችንን ለመረዳት ይጠቅማል።

▪️ ኩፖኑና ቱቦው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ቤንዚን በራሽን ታድል ነበር። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1942 ጀምሮ ራሽኑ መላ አገሪቱን አዳረሰ። ዋናው ምክንያት እንዲያውም ቤንዚን ማነሱ ሳይሆን ጎማ መጥፋቱ ነበር። ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ ዛፍ እርሻዎች ስለያዘች፣ ሰው መኪናውን ባነዳ ቁጥር የማይተካ ጎማ ያልቃል ተባለ። መኪናው ላይ «ኤ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ተራ ሰው መጀመሪያ በሳምንት 4 ጋሎን፣ በኋላ 3 ጋሎን ብቻ ነበር የሚደርሰው። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ዋጋው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለነበር ብዙም አልናረም። የኩፖን ስርቆት፣ የሐሰት ኩፖንና ከቆመ መኪና በቱቦ መምጠጥ ግን ነበር። ሌባን የሚጠራው ማደያው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ዋጋው ዝቅ ብሎ ነዳጁ ከጠፋም ታንክ ውስጥ ያለው ሊትር ከወረቀቱ ዋጋ በላይ ያወጣል። ማደያ በር ላይ ሰልፍ ይዞ ያደረ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ዘዴው ቀላል ነው። የቱቦው አንዱ ጫፍ ታንክ ውስጥ፣ ሌላው ከታንኩ ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ በአፍ ከተሳበ በኋላ ነዳጁ በራሱ ይፈሳል። በዚያች አንድ ጊዜ ስባት የተዋጠ ቤንዚን ሳንባ ከገባ ሰው ሊገድል ይችላል። አሜሪካኖች ቱቦውን በቀልድ «የኦክላሆማ ክሬዲት ካርድ» ይሉት ነበር። ቀልዱ ሌላ ቦታ ሲነገር የግዛቱ ስም ይቀየራል፤ አንዳንዱ አርካንሳስ፣ አንዳንዱ ጆርጂያ ይላል። ሁልጊዜ ግን ድሃ ነው ተብሎ የሚታማው ጎረቤት ነው የሚጠራው። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚከፍልበት ካርድ ማለታቸው ነው።

▪️ የ1973 ክረምት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በዓረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ተነሣ። አሜሪካ እስራኤልን በማገዟ የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉባት። ከጦርነቱ በፊት 3 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ በጥር 1974 ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ማደያ ላይ በአማካይ 40 ሳንቲም የማይሞላው ጋሎን በቀጣዩ ዓመት ከ50 ሳንቲም አለፈ።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን ማደያዎች እሑድ እንዲዘጉ ጠየቁ። የመንገድ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ላይ ተገደበ። በአንዳንድ ግዛቶች ታርጋው በጎዶሎ ቁጥር የሚያልቅ በአንዱ ቀን፣ በሙሉ የሚያልቅ በሌላው ቀን እንዲቀዳ ተደረገ። ሰልፉ በየሰፈሩ ተጠመጠመ።

በዚያን ጊዜ በየመለዋወጫ ሱቁ ተፈላጊ የሆነው ዕቃ ቁልፍ ያለው የታንክ ክዳን ነበር። እስከዚያ ድረስ የአብዛኛው አሜሪካዊ መኪና ታንክ ክዳኑን ለሚያዞር ሁሉ ክፍት ነበር። ሰው ጎረቤቱን ያምን ነበር ከማለት ይልቅ ቤንዚን ርካሽ ነበር ማለቱ ይሻላል። ቤንዚኑ ሲወደድ ክዳኑ ተቆለፈ።

▪️ በዚያው ወር፣ እዚህ

በዚያ ክረምት ሌላም ነገር ሆኗል። በራሳቸው የጭነት መኪና የሚሠሩ አሜሪካውያን ነጂዎች የናፍጣውን ዋጋ መሸከም ሲያቅታቸው መኪናቸውን አቆሙ። በታኅሣሥ 1973 አውራ ጎዳናዎችን ዘጉ፤ በጥርና በየካቲት 1974 መጀመሪያ ደግሞ ሰፋ ያለ አድማ መቱ። አድማው ጠብና ተኩስ ነበረበት፤ በበርካታ ግዛቶችም ብሔራዊ ዘብ ተጠርቷል። መጨረሻ ላይ ለነዳጁ ማካካሻ የሚሆን የጭነት ታሪፍ ጭማሪ አገኙ።

እነሱ ወደ ሥራቸው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። ምክንያቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነበር። የዓለም ዋጋ ሲንር የንጉሡ መንግሥት በቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ፤ ነጂው ግን ጭማሪውን ተሳፋሪው ላይ እንዲያወርድ አልተፈቀደለትም። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ ላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ጥር ላይ የነገሌ ቦረና ወታደሮች አምፀዋል፤ የወሎ ረሃብም ገና በሰው ሆድ ውስጥ ይጤስ ነበር። የነዳጁ ጭማሪ በዚህ ሁሉ ላይ የተጣለ ክብሪት ሆነ። በሳምንት ውስጥ ጭማሪው በከፊል ተነሣ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ግን የካቲትን አልጨረሰም። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የት እንዳደረሰን ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ይህን ያነሣሁት አድማን ለማወደስ አይደለም። አንድ ዓይነት ጫና ሁለት ዓይነት መልስ እንደሚወልድ ለማሳየት ነው። አንደኛው የቀን መልስ ነው፤ የተጎዱት ተሰብስበው ጫናውን ወደ ጫነው ክፍል ይመልሱታል። ሁለተኛው የሌሊት መልስ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቱቦ ይዞ ይወጣና ጫናውን ወደ ጎረቤቱ ታንክ ያዞረዋል። የመጀመሪያው በታሪክ መጽሐፍ ይጻፋል። ሁለተኛው የሚጻፈው በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ ነው፤ ያም ባለመኪናው ሄዶ ካመለከተ።

▪️ መቆለፊያው ሌባውን መሣሪያ አስቀየረው

ወደ አሜሪካ ልመልሳችሁ። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች የጭስ ማጣሪያ ተገጠመላቸው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ማጣሪያውን ስለሚያበላሸው፣ የእርሳሱ ቤንዚን አፍንጫ እንዳይገባ የመቅጃው አፍ ጠበበ። በዚያው ሰሞን መኪና ሲገለበጥ ነዳጅ እንዳይፈስ የሚያስገድድ የደኅንነት ደንብ ወጣ። ሁለቱም ስለ ሌባ ታስቦ የወጡ አልነበሩም፤ ግን ቱቦ ማስገባትን አስቸጋሪ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ታንክ የሚመጥ ሌባም ከወሬ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሌባው ግን ሰበብ እንጂ ችሎታ አላጣም ነበር። በ2008 በጋቸው ጋሎኑ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ በሰኔ 2022 ደግሞ ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ከ5 ዶላር ሲያልፍ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ይዞ የመጣው መሰርሰሪያ ነው። በመካከሉ የመኪና ታንክ ከብረት ወደ ፕላስቲክ ተቀይሯል። ከሥር ገብቶ ታንኩን መብሳትና ዕቃ መደቀን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከፍ ብለው የቆሙ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች ቀላል ዒላማ ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው የአጎቴ ሒሳብ የሚመጣው። በቱቦ የተሰረቀ ሰው የሚያጣው በዋናነት ነዳጁን ነበር። በመሰርሰሪያ የተሰረቀ ሰው ግን 50 ወይም 80 ዶላር ለማያወጣ ቤንዚን ታንኩን ለመቀየር ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ ከኪሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያ ድርሻ ከተሰረቀው ነዳጅ ይበልጣል። መሬት ላይ የሚፈሰው ቤንዚን ደግሞ እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ የመሰርሰሪያው ብልጭታ ካገኘው ሌባውንም መኪናውንም ይዞ ይነዳል።

ሌሊት የሚመጣው ጭማሪ የሚደርሰውም ለሁሉ እኩል አይደለም። ጋራዥ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል። አፓርታማ ተከራይቶ መኪናውን ክፍት ሜዳ ላይ የሚያቆመው ነው ጠዋት ወርዶ ኩሬ የሚያገኘው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚኖሩት። ለእነሱ መኪናው ሲቆም እንጀራው ነው የሚቆመው።

ቁልፍ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የራሳችሁን ታንክ ቆልፉ። ግን የእናንተ ቁልፍ ሌባውን ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ ቁልፍ መግዣ ወዳጣው ጎረቤት ያሳልፈዋል። ሁሉም ሲቆልፍ ደግሞ ይሰረስራል።

▪️ ወደ እኛ መንገድ ዳር

መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ዘለለ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ድጎማው ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ሁለቱም ወገን ጥሩ ምክንያት አለው። የምለው አንድ ነገር ነው። ጭማሪው ሲወሰን የሚሰላው የቀኑ ሒሳብ ብቻ ነው። የአንድ ሊትር ዋጋ ሲጨምር የማደር ዋጋም ይጨምራል። ዘበኛው ይጨምራል። ክዳኑ ይሰበራል። ባለመኪናው ረዳቱን መጠርጠር ይጀምራል፤ ረዳቱም ሾፌሩን። ይህን የሚከፍለው ግቢ የሌለው ነው።

ስለዚህ ከሚወሰነው ጋር አብሮ ሊወሰን የሚገባው አለ። ታክሲ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና መብራትና ጥበቃ ያለው ማደሪያ በአነስተኛ ክፍያ ቢያገኝ፣ ከድጎማ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ማኅበራቱም ተራ ለማስከበር የሚደራጁትን ያህል ለማሳደር ቢደራጁ አንድ ዘበኛ ሃያ መኪና ይጠብቃል። ይህ የቀን መልስ ነው፤ ክብሪትም አያስፈልገውም።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። የተሰረቀ ነዳጅ ሌባው አይጠጣውም፤ ይሸጠዋል። ማደያ ላይ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ማን ስንት እንደቀዳ ይታወቃል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ግን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የአጎቴን ታሪክ ሳልጨርስ ነበር የተውኩት። ያን ጠዋት ማደያው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። መኪናዋ ቆማለች፤ የባለቤቱ ሒሳብ ይቆጥራል። እኔ ነኝ ጀሪካን ይዤ ከሰፈሩ ጀርባ የሄድኩት። አንድ ወጣት ከማደያው ዋጋ አስበልጦ አሥር ሊትር ናፍጣ ሸጠልኝ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። መልሱን ማወቅ አልፈለግኩም፤ ምክንያቱም ቤቱ ከአጎቴ ቤት ሦስት መቶ ሜትር አይርቅም።

አጎቴ ናፍጣውን ሲገለብጥ አሽትቶ «የራሴ ይመስለኛል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።