የይፋት ቆላ በትዝታ መጻሕፍትና በልብ ወለድ ገጾች

የታሪክ መምህር ትምህርቱን ሲያዘጋጅ በቅድሚያ የሚያነሣው ዜና መዋዕልን፣ የውል ሰነድንና በሥርዓተ ትምህርቱ የተመደበውን መማሪያ መጽሐፍ ነው። ተማሪው ግን ከክፍል ወጥቶ ማንም ሳያዘው የሚያነበው ሌላ ነው፤ ይኸውም ልብ ወለድ፣ የስለላ ታሪክ፣ የአርበኞች ዜና፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ የባለሥልጣንና የእስረኛ ትዝታ ነው። ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ በልቡ የሚቀረጸው ሥዕል በብዛት የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ነገሩ በየትኛውም አካባቢ የሚታይ ቢሆንም ለሸዋ ሮቢትና በጠቅላላው ለይፋት ቆላ ትምህርት ቤቶች የተለየ ክብደት አለው። ይፋት ጸሐፊ ያጣ አገር አይደለምና፤ ሰባት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጻፍበት ኖሯል። ሆኖም ስለ እርሱ ከጻፉት አብዛኞቹ ዘማቹ፣ መልእክተኛው፣ በንዳድ የተያዘው መንገደኛና የሩቅ አገር ጸሐፊው ናቸው። ነዋሪው ስለ ራሱ የተናገረውና የጻፈው ወደ መማሪያ ክፍል የገባው እጅግ ጥቂት ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ የተወ መንገደኛ ጥቂት ቆይቶ ብርዱ ወደ ሙቀት ይለወጥበታል፤ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ጋራ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ሜዳ ይወርዳልና። ዐማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙት በዚሁ የደጋና የበረሃ ድንበር ላይ ነው። የይፋት የጽሑፍ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ድንበርነቱ ነው።

ስለ መካከለኛው ዘመን ይፋት ከሚናገሩት ጽሑፎች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. በ1332 ከይፋቱ ገዥ ከሰብረ ዲን ጋር የተደረገውን ጦርነት በግዕዝ ይተርካል። ዜና መዋዕል ይባል እንጂ ፉከራውና ንግግሩ፣ የንጉሡም ብቻውን መቆም የጀግና ልብ ወለድን ያህል አንባቢን ይስባል። ሰብረ ዲን የንጉሡን መቀመጫ መራዴን ይዞ ጫት ሊተክልበት እንደ ዛተ በዚያ ተጽፏል። በሌላው ወገን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ግብጽ ውስጥ ያገለገለው የመንግሥት ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለ ይፋትና ስለ ሌሎቹ የእስላም ግዛቶች በዐረብኛ ጽፏል። አገሩን በዓይኑ አላየውም፤ ከሼክ ዐብደላህ አዝ ዘይለዒ ሰምቶ ነው። እርሱም ጫትን ያነሣል፤ የሚያነሣው ግን አእምሮን ያነቃል፣ እንቅልፍን ይቀንሳል ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ የሚዘወተር ቅጠል አድርጎ ነው። በአንዱ ጽሑፍ የጠላት ዛቻ ምልክት የሆነው ተክል በሌላው የዕለት ልማድ ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ይፋት ውስጥ አልኖሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ የአዳል ታሪክ ክፍል ሆነ፤ የሸዋ ነገሥታትም በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋትን ከግዛታቸው ጋር አዋሐዱ። «ወላስማ» የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋትን ቆላ የሚጠብቀው ሹም ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። የድሮው የሱልጣኖች ስም የሸዋ ንጉሥ ሹመት ማዕርግ ሆኖ መኖሩ ብቻውን አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚወጣው ጉዳይ ነው።

የትዝታ ጽሑፍ ስለ ይፋት በብዛት የተገኘውም በዚሁ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስን መልእክተኛ አድርጎ ወደ ሸዋ ላከው። መልእክተኛው ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1843 አገሩን ለቆ በማግሥቱ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ደጋ የጻፈውን ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። ሃሪስ አስቀድሞም በደቡብ አፍሪካ ስላደረገው አደን ጽፎ ስም ያተረፈ ሰው ነበርና መጽሐፉ አንባቢ አላጣም። አጻጻፉ ያጌጠና የተኩራራ ነው፤ በረሃው አስፈሪ፣ ቆላው ሕመም፣ ሸዋ ደጋው ደግሞ የምድር ገነት ሆኖ ይታያል። ሰዉም ብዙ ጊዜ የመድረክ ጌጥ ነው።

በዚሁ ጊዜ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ ሐኪም ማንም ሳይልከው በራሱ ተነሣሽነት በዚያው መንገድ ሸዋ ገባ፤ ዘመኑም 1842 ነበር። የመልእክተኛው ቡድን በቀዝቃዛ ፊት ስለ ተቀበለው በአንኮበር ሳይሆን ከአንኮበር ግርጌ ባለችው የንግድ ከተማ በአሊዩ አምባ ተቀመጠ፤ በዚያም ንዳድ እየደጋገመ ጣለው። የእርሱም ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ልክ እንደ ሃሪስ በ1844 ለንደን ላይ ታተመ። ታሞ የተኛ ሰው ስለሆነ ሩቅ ማየት አልቻለም፤ ቅርቡን ግን አየ። እንጀራው እንዴት እንደሚጋገር፣ ጥጡ እንዴት እንደሚፈተል፣ አሞሌው እንዴት እንደሚመነዘር፣ በየሳምንቱ ዓርብ የሚቆመው ገበያ ምን እንደሚያመጣ በጥንቃቄ ጻፈ። ታሪክን የሚያጠና ሰው ዛሬ ከሃሪስ ይልቅ የጆንስተንን ገጽ ደጋግሞ ቢገልጥ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ጆንስተን ፍጹም ምስክር ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። በመልእክተኛው ቡድን ላይ ቂም ነበረው፤ ቂሙም በየምዕራፉ ይታያል። ሃሪስም በበኩሉ የላከውን መንግሥት የሚያስደስት ውጤት ማሳየት ነበረበት። አንዱ ለሹመቱ፣ ሌላው ለቁጭቱ ጽፏል ማለት ይቻላል። ለመምህሩ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ ጽፈው የተለያየ ይፋት ያሳዩበት እንዲህ ያለ ጥንድ ለማስተማሪያ በቀላሉ አይገኝም። በሁለቱም ዘንድ ግን አንድ የጋራ ጉድለት አለ። ለአሊዩ አምባ ቅርብ በሆነችው በአብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ሁለቱም ስለዚያ ንግድ ጽፈዋል፤ የተሸጠው ሰው የራሱን ኑሮ ሲተርክ የሚሰማበት ትዝታ ግን ከሁለቱ መጽሐፍ አይገኝም።

ሃሪስ ከጻፋቸው ሁሉ በአንባቢ ልብ የሚቀረው የጎንቾ ወኅኒ ታሪክ ነው። የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች ለዙፋኑ እንዳያሰጉ በወላስማ መሐመድ ጥበቃ ሥር በይፋት ምድር በጎንቾ ታስረው ይኖሩ ነበር። ንጉሡ ከሕመም ሲድን እስረኞቹን እንደ ፈታ፣ ለዚህም የመልእክተኛው ምክር እንደ ረዳ ሃሪስ ይተርካል። ምክሩ የቱን ያህል እንደ ሠራ ከእርሱ ቃል ውጭ ማመዛዘን ያሻል። የይፋት ስም ከእስር ጋር መያያዙ በ20ኛውና በ21ኛው ክፍለ ዘመንም አልቀረም፤ በሸዋ ሮቢት ያለው ሰፊ ማረሚያ ቤት ከተማዋን ላላየ የጋዜጣ አንባቢ ሁሉ የከተማዋ መታወቂያ ሆኖበታል። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ከተያዙት ብዙዎቹ ወደዚያ ተወስደው ነበር። አትክልቱን ለአዲስ አበባ ገበያ የሚያደርሰው የሮቢት ገበሬ በዚህ ዐይነት ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከአማርኛው ልብ ወለድ ወገን ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዘርፉ ስሙን ሰጥቶ የቀረ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የክርስቲያንና የአረማዊ ጦርነት፣ ምርኮ፣ የባርነት ሽያጭና የደግ ነጋዴ ነገር ነው። ቦታው በስም አልተለየም እንጂ የዚያ ዐይነት ድንበር፣ የዚያ ዐይነት ገበያ የነበረው አገር ይፋት እንደሆነ የአሊዩ አምባን ታሪክ ያነበበ ሰው ያስተውላል። ከዚያ ወዲህ ስማቸው የገነነው ልብ ወለዶች ግን ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃምን አነሡ። በዓሉ ግርማ በ«ከአድማስ ባሻገር» የአዲስ አበባን ምሁር፣ በ1975 ዓ.ም. በወጣውና ወዲያው በታገደው «ኦሮማይ» ደግሞ አሥመራን አሳየ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«ማዕበል» መጻሕፍቱ የወሎን ረኀብና የአብዮቱን ዋዜማ ጻፈ። ማሞ ውድነህ በስለላና በጦርነት መጻሕፍቱ አንባቢውን ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወሰደው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የይፋት ተማሪ ብዙ አገር ያያል፤ የራሱን አያይም።

ይህ ማለት መጻሕፍቱ ቆላ አልደረሱም ማለት አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የአንባቢውን ቁጥር አበዛ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ደረሰ። ዘመቻው ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። አፋርኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ አርጎብኛ ግን አልነበረበትም። የይፋት አርጎባ በብዛት አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ ቋንቋው በይበልጥ ተጠብቆ የቆየው በሾንኬና በጦለሃ ነው። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ይህ የቋንቋ ስታቲስቲክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አያት በአርጎብኛ ያስታወሰችው ነገር በልጅ ልጇ ደብተር ሳይሰፍር ይቀራል።

የግል ትዝታ በአማርኛ እየበዛ የመጣው ዘግይቶ ነው። ቀደም ሲል ደጃዝማች ከበደ ተሰማ በ1962 ዓ.ም. «የታሪክ ማስታወሻ»ን፣ ንጉሠ ነገሥቱም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን አሳትመዋል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ግን ደራሲው በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደርግ ባለሥልጣናትና የፓርቲ አባላት ትዝታ በተከታታይ ወጣ። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የጸሐፊዎቹ ዓይን የቤተ መንግሥት፣ የጦር ግንባርና የስብሰባ ዓይን ነው።

በአንጻሩ በአፍ የቆየ ትዝታ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ከይፋት በላይ ባለው በመንዝ የሆነው ያስረዳል። በ1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። አንድ የጣሊያን ተመራማሪ ከወታደራዊ ሰነድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻውን ሲደርስበት ለዓለም አዲስ ግኝት ሆነ፤ የአካባቢው ሰው ግን «አመጸኛ ዋሻ» እያለ ስሙን ይዞት ኖሯል።

ይፋት ራሱ የጻፈውም ጨርሶ የለም አይባልም። በአካባቢው የዐረብኛ የብራናና የወረቀት ጽሑፍ፣ በቃልም የሚወርድ መንዙማ አለ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ አርኪዎሎጂስቶች አስባሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉትን የድንጋይ ከተማ ፍርስራሾች ከነመስጊዶቻቸው አጠኑ፤ የወላስማ ሱልጣኖች ስም በዐረብኛ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮችም አነበቡ። የታሪክ ምሁሩ አሕመድ ሐሰን ዑመርም የ19ኛውን ክፍለ ዘመን አሊዩ አምባን ንግድ፣ እስልምናና ፖለቲካ በሰፊው መርምረዋል። ይህ ሁሉ ጥናት በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ከፍርስራሹ በእግር ጉዞ ርቀት ላይ ያለው ትምህርት ቤት አላገኘውም።

ስለዚህ የሚቀድመው ሥራ ትርጉም ነው። ከሃሪስና ከጆንስተን ስለ ዓርብ ገበያ የሚናገሩ ጥቂት ገጾች፣ ከአል ዑመሪና ከዜና መዋዕሉ ስለ ጫት የሚናገሩት አንቀጾች በአማርኛ ተዘጋጅተው በአንድ ትንሽ ጥራዝ ቢቀርቡ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይበቃሉ። ተማሪው በቅድሚያ ጸሐፊው ማን እንደላከው፣ የት እንዳደረ፣ ከማን እንደ ሰማ ይጠይቅ። ቀጥሎ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድና ገበያው በየትኛው ቀን ይቆም እንደነበር፣ ጨውና ጥጥ ማን ያመጣ እንደነበር፣ ንዳድ ሲነሣ ወደ ደጋ የወጣው ማን፣ የቀረውስ ማን እንደሆነ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ይጻፍ። መልሱ በተነገረበት ቋንቋና ቃል እንዲጻፍ፣ የተናጋሪው ዕድሜና ቀበሌ እንዲመዘገብ፣ ደብተሮቹም በዓመቱ መጨረሻ ተሰብስበው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ መምህሩ ይቆጣጠር።