ከግል እጅ ወደ ኮሌጅ ቤተ መዘክር፦ የስጦታና የመዝገብ ታሪክ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ቤተ መዘክሮች ከሚታዩት ጥንታዊ ዕቃዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡት በተቋሞቹ አልነበረም። በአንድ ሰው ቤት፣ በአንድ ሰው ፍቅርና ወጪ ተከማችተው ከቆዩ በኋላ በስጦታ፣ በኑዛዜ ወይም በሽያጭ ወደ ኮሌጅ የተላለፉ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዝውውሩ እንዴት እንደተፈጸመ በሁለት የታወቁ ምሳሌዎች ማሳየትና ለአገራችን የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኦክስፎርዱ ምሳሌ

በ17ኛው መቶ ዓመት ጆን ትራደስካንት የተባሉ፣ አንድ ስም የነበራቸው አባትና ልጅ በለንደን አጠገብ በላምቤዝ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም የአትክልት ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዕፀዋትን፣ የእንስሳት ቅሪቶችን፣ አልባሳትንና የጦር መሣሪያዎችን ሰብስበው በክፍያ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ቤታቸውም ዓይነቱ ከበዛው ዕቃ የተነሣ «መርከቡ» ይባል ነበር። ልጁ በ1656 የዕቃዎቹን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳተመ፤ በዝግጅቱ የረዳውም ኤልያስ አሽሞል የተባለ ሊቅ ነበር።

ትራደስካንት በ1659 ስብስቡን ለአሽሞል በስጦታ ውል ሰጠ። ይሁን እንጂ በ1662 ሲሞት የተገኘው ኑዛዜ፣ ንብረቱ በሚስቱ በሄስተር እጅ ቆይቶ ከእርሷ በኋላ ለኦክስፎርድ ወይም ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ የሚያዝ ነበር። ውሉና ኑዛዜው ስላልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1664 ለአሽሞል ተፈረደ፤ ለመበለቲቱ የቀረላት በሕይወት ዘመኗ ዕቃውን በአደራ መጠበቅ ብቻ ነበር። እርሷም በ1678 በገዛ አትክልቷ ኩሬ ውስጥ ሰጥማ ተገኘች። ቤተ መዘክሩ በ1683 በኦክስፎርድ ሲከፈት የተሰየመው በአሽሞል እንጂ ዕቃውን በሰበሰቡት ሰዎች ስም አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንገነዘባለን። አንደኛ፣ አዲሱ ቤት ከመጀመሪያው ለማስተማር የታሰበ ነበር፤ ከዕቃዎቹ ማሳያ ጋር የትምህርት አዳራሽና የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በአንድ ሕንፃ ተሠርተውለታል። ሁለተኛ፣ የ1656ቱ ዝርዝር ዛሬም ያገለግላል። የሰሜን አሜሪካ ተወላጆች ሥራ የሆነውና በዛጎል የተጌጠው የቆዳ ካባ ከጥንቱ ስብስብ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ መጽሐፍ የቨርጂንያ ንጉሥ ልብስ ተብሎ ስለተመዘገበ ነው።

የለንደኑ ምሳሌ

ሁለተኛው ምሳሌ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ደራሲዋ አሚልያ ኤድዋርድስ በ1873 እና በ1874 በዐባይ ላይ ከተጓዘች በኋላ የግብፅን ቅርስ ከጥፋት ለማዳን ተነሣች፤ በ1882ም የግብፅ ቁፋሮ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። በ1892 ስትሞት ስብስቧን፣ መጻሕፍቷንና ለአንድ የፕሮፌሰር ወንበር የሚሆን ገንዘብ ለኮሌጁ ተናዘዘች። ኮሌጁ ከ1878 ጀምሮ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ለዲግሪ ትምህርት ይቀበል ነበርና ምርጫዋ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወንበሩን የያዘው ፍሊንደርስ ፔትሪ በበኩሉ ለዓመታት ያከማቸውን ብዙ ዕቃ በ1913 ለኮሌጁ ሸጠ። ፔትሪ ሌሎች የናቁትን ተራ ሸክላ ይሰበስብ ነበር። በነቃዳና በሌሎች ሥፍራዎች ከተቆፈሩ መቃብሮች ወደ 900 የሚሆኑትን መርጦ፣ በእያንዳንዱ የተገኙትን የሸክላ ዓይነቶች በየወረቀቱ ጻፈ፤ ወረቀቶቹንም በመደርደር የመቃብሮቹን የዘመን ቅደም ተከተል አወጣ። ይህን ለማድረግ ያስቻለው የሸክላው ውበት ሳይሆን የትኛው ዕቃ ከየትኛው መቃብር እንደወጣ መታወቁ ነው። ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ግብፅ ከ1882 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ሥር ነበረች፤ ቁፋሮ የሚያካሂዱ የውጭ አገር ሰዎችም በግኝት ክፍፍል ሕግ መሠረት ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። በሕግ የተገኘ ሁሉ በፍትሕ የተገኘ ነውን? የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። እኛም በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ የዕውቀት ተቋሞች መደርደሪያ ላይ መኖራቸውን የምናውቅ ነንና ጥያቄው እንግዳ አይሆንብንም።

በአገራችን

በ1950 በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቅርስ የመሰብሰቡ ሥራ የተጀመረው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በነበሩት በፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ትጋት ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲመሠረት ስብስቡ የተቋሙ ቤተ መዘክር ሆነ፤ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለተማሪና ለጎብኚ አገልግሏል።

በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን ያለው ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ኮሌጅ የማሳያ ክፍል ውስጥ በብር የተለበጠ ጋሻ አይቷል። ከሥሩ ያለው ካርድ «ጋሻ፤ በስጦታ የተገኘ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረበትም። አንዲት ሠልጣኝ የማን እንደነበረ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ፤ ጋሻውን ያመጡት አዛውንትም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው ነበር። በተቀበሉበት ቀን ግማሽ ሰዓት ቢጠየቁ ኖሮ የአንድ ቤተሰብ፣ ምናልባትም የአንድ ወረዳ ታሪክ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ ኮሌጆች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ መልካም ነው እንላለን፦

1ኛ/ ሰጪው በሕይወት ሳለ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ቦታ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈና አገልግሎቱ በራሱ አንደበት ተነግሮ ይጻፍ፤

2ኛ/ ስጦታው በጽሑፍ ውል ይጽና፤ ሚስትና ልጆችም ይወቁት፤ የሄስተር ዓይነት ክርክር እንዳይነሣ፤

3ኛ/ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የማኅበር ንብረት መስሎ የሚታይ ዕቃ ባለቤትነቱ ሳይጣራ አይወሰድ፤ በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረትም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ይመዝገብ፤

4ኛ/ ምዝገባው የሠልጣኞች የታሪክ ትምህርት መልመጃ ይሁን። ነገ በየወረዳው የሚመደበው መምህር፣ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የሚያመጡትን ዕቃ እንዴት ጠይቆ እንደሚጽፍ ከወዲሁ ሊለማመደው ይገባልና።