ሙዚቃና ኀዘንተኛ
ልቅሶ በተቀመጡበት ቤት ሙዚቃ ምን ሥራ አለው የሚል ቢኖር፥ «አርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ልጆች ታሪክ ይመልከት። እነዚህ ልጆች በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ በተጀመረው እልቂት ወላጆቻቸውን አጥተው በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠግተው ነበር። በዚያም የነሐስ መለከት መንፋት ተማሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ገዳሙን ሲጐበኙ አገኟቸው፤ ከአርመን ፓትርያርክም ፈቃድ ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድም ሆኑ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜ የተዘመረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። እናት አባት ለሌለው ልጅ ዜማ ወላጁን አይመልስለትም፤ ነገር ግን ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ምት ሲነፋ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል። የሙዚቃ ማጽናናት ይህ ነው።