የቋንቋ ማዕረግና የወጣቶች መንፈስ፦ የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ታሪክ

አንድ ቋንቋ በሕግ ሲዋረድ የሚጎዳው ቋንቋው ብቻ ነውን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ከኩቤክ ውጭ የሚኖሩትን የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ታሪክ መነሻ በማድረግ፣ ጉዳቱ ወደ ወጣቱ ውስጣዊ ስሜት እንዴት እንደሚዘልቅ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ማኒቶባ በ1890 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይኛን ሕጋዊ ማዕረግ ሻረ፤ በ1916 ደግሞ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩትን ት/ቤቶች አስቀረ። ኦንታሪዮም በ1912 ባወጣው ደንብ 17 ፈረንሳይኛ የማስተማሪያ ቋንቋነቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት እንዲወሰን አደረገ። ልጁ ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የእናቱ ቋንቋ ለጓዳ እንጂ ለአደባባይ አይበቃም።

ይህን ስሜት ከሕግ ሰነድ ይልቅ ሥነ ጽሑፍ አጉልቶ ያሳየናል። በ1909 በማኒቶባ፣ ሳን ቦኒፋስ የተወለደችው ደራሲ ጋብርኤል ርዋ፣ ከሞተች በኋላ በ1984 በታተመው ግለ ታሪኳ፣ ከእናቷ ጋር ድልድዩን ተሻግረው ለሸመታ ዊኒፔግ ሲገቡ በገዛ አገራቸው ባዕድነት ይሰማቸው እንደ ነበር ትተርካለች። የሚያባርራቸው ዘበኛ አልነበረም፤ መሸማቀቁ ከውስጣቸው የሚመነጭ ነበር።

በኋላ ሕጉ ተለውጧል። በ1969 የፌዴራሉ መንግሥትም ሆነ ኒው ብራንዝዊክ ሁለቱንም ቋንቋዎች ኦፊሴላዊ አደረጉ፤ የ1982ቱ የመብቶች ቻርተርም አናሳዎቹ፣ ቁጥራቸው በሚፈቅድበት ቦታ፣ በቋንቋቸው የመማር መብት ሰጣቸው። ይሁን እንጂ መሸማቀቁ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተሻረም። ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀየጠውን «ሺያክ» የሚናገር የሞንክተን ወጣት ከሁለት ወገን ይፈረድበታል፤ ለአንዱ ፈረንሳይኛው አይጠቅምም፣ ለሌላው ፈረንሳይኛው ፈረንሳይኛ አይደለም። የሥነ ልሳን ምሁራን በቋንቋ ያለመተማመን የሚሉት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ዝምታን ይመርጣል። ጭንቀቱን ለሐኪም መናገር በሚገባው ሰዓት ዝም ሲል ደግሞ ጉዳቱ ከቋንቋ ጉዳይ ያልፋል። በ1997 የኦታዋው ሞንፎር ሆስፒታል እንዲዘጋ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በብዛት ለተቃውሞ መሰብሰባቸው፣ በ2001ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነርሱ መወሰኑ ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባዋል።

የአካዲያ ደራሲ አንቶኒን ማዬ የሕዝቧን አነጋገር ይዛ በጻፈችው ልቦለድ በ1979 የጎንኩር ሽልማትን አገኘች። በእኔ አስተያየት ይህ ሕግ ብቻውን የማይሰጠውን ነገር ሰጥቷል፤ የተናቀው አነጋገር የጥበብ መሣሪያ መሆን እንደሚችል አስመስክሯል። ስለዚህ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን የተማሪን አነጋገር ለማረም ስንነሣ፣ የምናርመው ቃሉን ይሁን ወይስ ልጁን የምናሳፍር አስቀድመን ልንመረምር ይገባናል።