ፍርድን የሚናገረው ማን ነው? የእስራኤል ምርኮ በነቢያት መጻሕፍትና የመፈናቀል ጥያቄ በጌዴኦ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከጥንታዊው የእስራኤል ታሪክ የተወሰደ ነው። ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ ጥያቄ ግን ከሩቅ የመጣ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ፣ ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም በተፈናቃይ ሲሞላ፣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማ ነበር። አንደኛው የተፈናቃዩ ነው፤ «ምን በድለን ይሆን?» ይላል። ሁለተኛው ዳር ቆሞ የሚመለከተው ሰው ነው፤ «የእግዚአብሔር ፍርድ ነው» ይላል፤ ለዚህም የእስራኤልን ምርኮ በምስክርነት ይጠራል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ይህ ምስክር በእርግጥ እንደዚያ ይመሰክራል ወይ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር እናስታውስ። ምርኮው አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ አልነበረም። ሰሜናዊው መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦራውያን እጅ ወደቀ። ንጉሥ ሳርጎን ባስቀረጸው ጽሑፍ ከሰማርያ 27,290 ሰዎችን እንደማረከ ይናገራል። ሕዝብን ከሥሩ ነቅሎ ሌላ አገር ማስፈር የአሦር መንግሥት የአገዛዝ ስልት ነበር፤ የተነቀለ ሕዝብ አያምፅም፣ አዲስ የሰፈረውም ያለ ገዢው ጥበቃ መኖር አይችልም። መጽሐፈ ነገሥትም በሰማርያ ከተሞች ከባቢሎንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሰዎች እንደሰፈሩ ይመዘግባል። ሰናክሬም በ701 የይሁዳን ከተማ ለኪሶን በያዘ ጊዜ ድሉን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀርጿል፤ ቅርጹ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። በሬ በሚስበው ጋሪ ላይ ዕቃ ተጭኖ፣ ሴቶችና ሕፃናት ከላይ ተቀምጠው ከከተማቸው ሲወጡ ይታያል። ያን ሥዕል የሚያየው የዚህ አገር ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የኢየሩሳሌም ተራ ከመቶ ዓመት በኋላ ደረሰ። ናቡከደነፆር በ597 ንጉሡን ዮአኪንን ከነቤተ ሰቡና ከነመኳንንቱ ማረከ፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቤተ መቅደሱን አቃጥሎ ከተማይቱን አፈረሰ። ትንቢተ ኤርምያስ በመጨረሻው ምዕራፍ የምርኮኞቹን ቁጥር በሦስት ዙር ይቆጥራል፤ 3,023፣ 832 እና 745፤ ድምሩ 4,600 ነው። መጽሐፈ ነገሥት ግን ስለ መጀመሪያው ዙር ብቻ ዐሥር ሺህ ይላል። የቁጥሩ ልዩነት እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር እንረዳለን፤ ብዙ ሕዝብ በአገሩ ቀርቷል። የሄደና የቀረ ሲኖር ደግሞ «የተፈረደበት ማን ነው?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ነቢያቱ እንምጣ። ስለ ፍርድ የተናገሩት መቼ ነው? ለማንስ ነው? አሞጽ የተናገረው ሰማርያ በደላላትና በጠገበችበት ዘመን ነው። ንግግሩም የእህል መስፈሪያ ለሚያሳንሱ፣ ድኻውን በጫማ ዋጋ ለሚገዙ፣ በአደባባይ ፍትሕ ለሚያጣምሙ ነበር። ኢሳይያስ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ እያያያዙ ለሌላው ስፍራ የሚያሳጡትን ወቀሰ። ሚክያስ ጉቦ የሚቀበሉ ዳኞችን፣ በዋጋ የሚያስተምሩ ካህናትን፣ በገንዘብ የሚያሟርቱ ነቢያትን በስም ባይጠራም በሥራቸው ለይቷቸዋል። ኤርምያስ ንጉሥ ኢዮአቄም የሠራተኛን ደመወዝ እየከለከለ ቤተ መንግሥቱን ማስፋፋቱን ፊት ለፊት ተቃወመ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተናጋሪው ከሕዝቡ ወገን ነው፤ አድማጩ ባለሥልጣንና ባለሀብት ነው፤ ጊዜውም ከጥፋቱ በፊት፣ ሰው ገና ሊመለስ በሚችልበት ወቅት ነው። ተናጋሪው ዋጋ ይከፍልበታል እንጂ አይከበርበትም። ኤርምያስ ተደብድቧል፣ ታስሯል፣ ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ተጥሏል። በዚያው ዘመን ለሹማምንቱ ጆሮ የሚጥም ነገር የተናገረው ሐናንያ ነበር፤ ምርኮኞቹም የቤተ መቅደሱም ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ተናገረ። አልሆነም።

ከጥፋቱ በኋላ ግን የነቢያቱ ድምፅ ይለወጣል። ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ ዳር ወደሰፈሩት ምርኮኞች በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በመካከላቸው ሰባት ቀን ደንግጦ መቀመጥ ነው። ይህ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሥርዓት ነው። ምርኮኞቹ «አባቶች በበሉት ጨርቋ ፍሬ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» የሚል ትርጕም ያለው ተረት ሲተርቱ፣ ነቢዩ ተረቱን ከአፋቸው አስጣላቸው፤ እያንዳንዱ በገዛ ሥራው እንጂ በአባቱ ኀጢአት እንደማይጠየቅ አስተማራቸው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የዚሁ መጽሐፍ ዐሥራ አንደኛ ምዕራፍ ነው። በኢየሩሳሌም የቀሩት ሰዎች ስለ ተማረኩት ወንድሞቻቸው፣ እነዚያ ከእግዚአብሔር ርቀዋል፤ ምድሪቱ ለእኛ ርስት ሆና ተሰጥታለች እያሉ ነበር። «ፍርድ ነው» የሚለው ቃል በቀሩት ሰዎች አፍ ምን እንደሠራ ተመልከቱ፤ የወንድምን መሬት መውረሻ ሰነድ ሆነ። የነቢዩ መልስ ግን ተቃራኒ ነው፤ እግዚአብሔር ራሱ በሄዱበት አገር መቅደስ እንደሆናቸው ይነግራቸዋል። ኤርምያስም በሁለት ቅርጫት በለስ ምሳሌ ይህንኑ አስተምሯል። ሰዎቹ መልካሙ በለስ በአገር የቀረው ነው ብለው ሲጠብቁ፣ መልካሙ በለስ ምርኮኛው ሆኖ ተገኘ።

ውጭ ቆሞ ለሚያየውም የተነገረ አለ። የአብድዩ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ክሱም በኤዶምያስ ላይ ነው፤ ወንድሙ ሲጠፋ ዳር ቆሞ ስላየ፣ በመከራው ስለ ተደሰተ፣ የሚሸሹትን በመተላለፊያ ላይ ቆሞ ስለ ያዘ። ኢሳይያስ አሦርን የቍጣ በትር ካለ በኋላ ዞሮ በትሩን ራሱን ይከሳል። በዘካርያስ መጽሐፍ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ጥቂት ተቈጥቶ ሳለ አሕዛብ መከራውን እንዳበዙት ተጽፏል። እንግዲህ በነቢያት መጻሕፍት ዘንድ ፍርዱን አመካኝቶ የሌላውን መከራ የሚያበዛ ሰው ራሱ ተከሳሽ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊቀርብብኝ ይችላል። መጽሐፈ ነገሥት ምርኮው የመጣው በሕዝቡ ኀጢአት ነው ብሎ በግልጽ ይጽፍ የለምን? ይጽፋል። ያ መጽሐፍ ግን የተደመደመው ዮአኪን በባቢሎን ከእስር ወጥቶ በንጉሡ ማዕድ በመቀመጡ ነው፤ ማለትም ከተሸናፊው ወገን ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሥራ ነው። ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ ዘይት እንደተሰፈረላቸው የሚያሳዩ የሸክላ ጽላቶችም በባቢሎን ተገኝተው በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትመዋል። በትንቢተ ዳንኤልና በመጽሐፈ ነህምያ በዘጠነኛው ምዕራፍ ያሉት ጸሎቶችም «እኛ በደልን» ይላሉ። ልዩነቱ በተውላጠ ስሙ ላይ ነው። «እኛ በደልን» ማለት ኑዛዜ ነው፤ «እነሱ በድለዋል» ማለት ክስ ነው። ቃሉ አንድ ቢመስልም፣ የመጀመሪያውን የሚናገረው ባለ ቍስሉ ነው፤ ማንም ተውሶ በሌላው ላይ ሊጠቀምበት አይችልም።

የአገራችን ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ ራሱን የት ያስቀምጣል? አንዱ መንገድ የክብረ ነገሥት መንገድ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን በግእዝ የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ታቦቱ ወደ ኢትዮጵያ እንደመጣና ምርጫውም አብሮ እንደተሻገረ ያስረዳል። በዚህ አነባበብ እኛ ወራሾች ነን። ነገር ግን ነቢዩ አሞጽ በመጨረሻው ምዕራፍ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር በእኩል ዓይን ማየቱን ስናነብ፣ ወራሽነት ለማንም ዋስትና እንዳልሆነ እንረዳለን።

ሌላም መንገድ አለ። ኤርምያስን ከጕድጓዱ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡን ደፍሮ ለመነ፤ ገመዱ ነቢዩን እንዳይቈርጠውም አሮጌ ጨርቅ አቀበለውና ከብብቱ በታች እንዲያደርገው ነገረው። በግእዝ የተጠበቀው ተረፈ ባሮክ ደግሞ አቤሜሌክ ከተማይቱ ስትፈርስ እንዳያይ ስድሳ ስድስት ዓመት እንደተኛ፣ ሲነቃም በቅርጫቱ የያዘው በለስ ትኩስ እንደነበረ ይተርካል። ያ በለስ ለምርኮኞቹ የመመለስ ተስፋ ምልክት ሆነ። በምርኮው ታሪክ ውስጥ የእኛ ስም የተጠራበት ሰው ፈራጅ አልነበረም፤ ገመድና ጨርቅ ያቀበለ ሰው ነበር።

ወደ ራሳችን ምድር ልመለስና ላብቃ። ጌዴኦ እንሰትንና ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ጋር አስማምቶ የሚያለማ ሕዝብ ነው፤ ይህ መልክዓ ምድር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከማሳው የተነቀለ ሰው የሚያጣው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ አይደለም፤ ትናንት የተከለውንና ነገ ሊበላው ያሰበውን አብሮ ያጣል። ይህ የደረሰው በጌዴኦው ላይ ብቻም አይደለም፤ ከጉጂም ወገን ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ሁለቱን ሕዝቦች በደም በተቃቃሩ ጊዜ ሲያስታርቅ የኖረው የጎንዶሮ ሥርዓት እርቅን የሚመሠርተው እውነቱ ወጥቶ፣ በደል በበደለው ሰው አንደበት ሲነገር ነው። ከላይ ስለ «እኛ» እና ስለ «እነሱ» ያልሁት ነገር ለሽማግሌዎቻችን አዲስ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ምን በድለን ይሆን?» ብሎ ለሚጠይቀው ተፈናቃይ ከነቢያት መጻሕፍት ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ጥያቄው የተላከው ለአንተ አይደለም። ነቢያቱ ይህን ጥያቄ የጠየቁት መስፈሪያውን፣ ዳኝነቱንና መሬቱን በእጃቸው የያዙትን ነው። እኛ ተፈናቃይ ያልሆንን ደግሞ አስቀድመን ከሕዝቅኤል ሰባቱን የዝምታ ቀናት፣ ቀጥሎም ከአቤሜሌክ ጨርቅ ማቀበልን ብንማር ይበቃናል።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ቅድሚያውን ግን በዚያ ዓመት ከቤታቸው ወጥተው የነበሩ በመካከላችን ካሉ ለእነርሱ እንስጥ።