የጎዳና ልጆች (በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ)

የጎዳና ልጆች የሚባሉት ከአባትና ከእናት ጥበቃ ወጥተው ሲሳያቸውን በመንገድ የሚፈልጉ፣ አያሌዎቹም ማደሪያቸውን በዚያው ያደረጉ፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ማታ ወደ እናቱ ቤት የሚመለሰው ሊስትሮና ከሱቅ በረንዳ የሚያድረው ልጅ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ኑሯቸው አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ፊተኛው እንደ ኋለኛው ለመሆን የአንድ ክረምት ዝናብ መቅረት ወይም የወላጅ መሞት ይበቃዋል።

የሰሜን ወሎ ርእሰ ከተማ ወልድያ፣ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የመቀሌው ጎዳና በጋሸና ወደ ወረታ ከሚያልፈው ‹የቻይና መንገድ› ጋር በሚለያይበት ስፍራ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ ከግዳን፣ ከዋድላና ከላስታ ደጋ የሚወርደው ልጅ ከመኪና ወርዶ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ብዙውን ጊዜ በእርሷ ነው። የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ባለው ስፍራ ስለምትገኝ ብርዷ ይቀላል፤ ደጅ ለሚያድር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጆቹን ከቤት ያወጣቸው ምክንያት ብዙ ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረኀብ ወሎን እጓለ ማውታ የበዙባት ምድር አድርገዋት አልፈዋል፤ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው የተራበውን ሕዝብ ያዩት ወይዘሮ አበበች ጎበና ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱትና የሕፃናት ማሳደጊያቸውን የጀመሩት በሁለቱ ረኀቦች መካከል ነበር። በዘመናችን ደግሞ ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣት በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ስለሚሰደድ፣ ልጆች ከአያት ጋር ይቀራሉ፤ አያት ሲደክም መንገዱ ይቀበላቸዋል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ወራት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ንብረት ጠፋ፤ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦችም በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ሰፈሩ።

የልጁ መዓልት በመናኸሪያ ይጀምራል፤ ሻንጣ ይሸከማል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሙዝና ቆሎ ይዞ ከአውቶቡስ መስኮት ሥር ይሮጣል። ከቀትር በኋላ በሆቴሎች የጓሮ በር ይሰበሰባሉ፤ ከገበታ የተረፈው እንጀራ ከነወጡ፣ ማካሮኒና የዳቦ ቅሬታ በአንድ ፌስታል ተቀላቅሎ የሚሰጠውን እነርሱ ‹ቡሌ› ይሉታል፤ አስቀድሞ እጁን የሚያስገባው በዕድሜ የበለጠው ነው፣ ለአዲስ መጪ የሚተርፈው መረቁ ነው። ሌሊት ካርቶን አንጥፈው፣ የማዳበሪያ ጆንያ ለብሰው፣ ተደጋግፈው ይተኛሉ። ማስቲሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ በእጅጌው ሥር የሚስበው ልጅ፣ ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ረኀብንና ብርድን ያስረሳኛል ይላል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም። ያገኛትን ሳንቲም ሌሊት ጉልበተኛ እንዳይነጥቀው ከባለ ሱቅ ዘንድ ያስቀምጣል። ሴቶቹ ልጆች በቁጥር ጥቂት መስለው የሚታዩት ብዙዎቹ በሰው ቤት በሠራተኝነት ስለሚገቡ ነው፤ ከዚያ ተባርረው በወጡት ላይ የሚደርሰው መከራ ከወንዶቹ ይልቅ የከፋ ነው።

በዚህ ላይ መታሰብ ያለበት፣ ከቤቱ ርቆ በየደጁ የሚለምን ልጅ ለወሎ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› የሚለው የቆሎ ተማሪ፣ በየጁ ምድር እንደ ዳና ባሉ የዕውቀት ማእከሎች ኪታብ የሚቀራው ደረሳም ከዘመን ዘመን በሕዝብ እንጀራ ኖረዋል፤ ሰውም ሰጥቶ አልሰለቸም። ልዩነቱ በምጽዋቱ አይደለም፤ እነዚያ መምህር፣ ጉባኤና ስም ነበራቸው፣ የጎዳናው ልጅ ግን ማንም የእኔ ነው የማይለው ነው። በዐውደ ዓመት ከደጀ ሰላሙ ዳቦ የሚሰጠው ሰው በማግስቱ ‹ዱርዬ› ብሎ ያባርረዋል።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም 9 ዓመት ያልሞላውን ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ አድርጎ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ለብቻው ያያል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በዕድሜ ላይ የቆመ ነው፤ የልደት ምዝገባን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ልደቱ ያልተጻፈለት ልጅ ከፍርድ ቤት ሲቀርብ ዕድሜው የሚወሰነው በሐኪም ግምት ነው።